ያልተቀደደው ትኬት

በኳስ ስታዲየሙ፣ ወንበር በሌለው ርካሽ መቆሚያ በር ላይ የሚሠራውን ሰውዬ ደጋፊው ሁሉ «ቀዳጁ» ይለዋል። ሥራው ቀላል ነው፦ ትኬቱን ከመሃል ይቀድድና ግማሹን ለባለቤቱ መልሶ፣ ግማሹን አጠገቡ ያለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይጨምራል። ሣጥኑ ላይ ቀይ መስመር አለ። ቁራጩ እዚያ ሲደርስ መቆሚያው ሞልቷል ማለት ነው፤ በሩ ይዘጋል።

ቀዳጁ ግን ሆደ ቡቡ ነው። ክለቡ ዋጋ ከጨመረ ወዲህ፣ ፊቱን የሚያውቀው ደጋፊ ሲለማመጠው ትኬቱን ሳይቀድድ ይመልስለታል። ሰውየው ይገባና ያንኑ ትኬት በውጪው አጥር ቀዳዳ ለወንድሙ ያቀብላል፤ ወንድሙም በዚያው ይገባል። በአዘቦቱ ጨዋታ መቆሚያው ግማሹ ባዶ ነው፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? እንዲያውም ጽድቅ ነው ይል ነበር በሆዱ።

ዛሬ ግን የዋንጫ ጨዋታ ነው። የወንበር ዋጋ ሰማይ ስለነካ፣ ወንበር የለመደውም ሁሉ ወደ መቆሚያው ጎርፏል። ቀዳጁ ልጁን በጠዋት፣ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ አስገብቷታል። «ከፊት፣ የሜዳውን ብረት ይዘሽ ቁሚ። ማንም አይከልልሽም» ብሏት።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ለታናሽ ወንድሜ!» አለው አንዱ። እሺ አለ። ለሚቀጥለውም እሺ አለ። አንዴ እሺ ያለ አፍ እምቢ ማለት ያቅተዋል፤ ምን ይደረግ!

ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንድ ጎረምሳ ጥጉ በፕላስተር የተለጠፈ ትኬት ዘረጋለት። ቀዳጁ ትኬቷን ተቀብሎ አገላበጣት። ያችን ፕላስተር ዛሬ ደጋግሞ አይቷታል። ትኬቷ እንደ አሮጌ ብር ለስልሳለች።

«ይቺን ከማን ተቀበልክ?»

«ከአጎቴ። እሱም ከጓደኛው። ሁሉም እንዲህ አይደል እንዴ የሚገባው?»

ቀዳጁ ሣጥኑን አየ። ቁራጩ ገና ግማሽ ነው። ሣጥኑ ያልቆጠረው ስንት ሰው ገብቶ ይሆን?

አለቃው ብቅ አለ። «ምን ትጎለታለህ? አስገባ እንጂ!»

«አለቃ፣ የሞላ ይመስለኛል። ብንዘጋው?»

«ሣጥኑን አታየውም እንዴ? በምን አወቅህ?»

ቀዳጁ አፉን ከፈተ። እውነቱን ቢናገር ከሥራው መባረሩ ነው። «እንዲሁ መሰለኝ» አለና ጎረምሳውን አሳለፈው። ፈሪ! ያችን አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ወዲያው መቆሚያው በጩኸት ተናወጠ። የደስታ ጩኸት ነበር መጀመሪያ፤ ቀስ በቀስ ግን ሌላ ሆነ። ስልኩ ጠራ።

«አባዬ» አለች ልጁ፤ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። «ብረቱ ደረቴን... መተንፈስ አቃተኝ። ከኋላ ዝም ብሎ ሰው ይገባል። የላይኛውን በር ሰውዬ ዝጋ በለው። አንተማ እንዲህ አታደርግም...»

ስልኩ ተቋረጠ።

የመቆሚያው ሌላ በር፣ የላይኛው፣ ዛሬ ጭራሽ አልተከፈተም፤ ሰው የሚገባው በእሱ በር ብቻ ነው። ቀዳጁ ዘሎ የበሩን ብረት ያዘ፤ ባለ በሌለ ጉልበቱ ሳበው። በሩ ግን በሰው ተጠቅጥቆ አልንቀሳቀስ አለ። በሰዉ አናት ላይ ያልተቀደዱ ትኬቶች ወደ እሱ ይውለበለባሉ።