ማተብና ሙስበሃ

እማማ ታቢታ የሟቹን ኮት ገልብጠው ገበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ከጀርባቸው፣ በጤና ጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሰውየው አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል። ትናንት ከቀትር በኋላ ከጅማ ከመጣ ሚኒባስ ወርዶ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃ ለመነ፤ ውሃው እስኪመጣለት ግን አልቆየም። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። መታወቂያ የለውም፣ ስልክም የለውም። አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ አስሯል፤ የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ደግሞ ሙስበሃ፣ የሙስሊም መቁጠሪያ፣ ተገኝቷል።

የአሰንዳቦ ከተማ ግራ የገባት በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው። ቄሱ ማተቡን አይተው ልጃችን ነው ካሉ በኋላ፣ ሰልሞ ማተቡን ሳይፈታ ቀርቶ እንደሆነስ ብለው ተጨነቁ። ሼሁም ሙስበሃውን አይተው ከፈን ሊያስገዙ ተነስተው፣ ማተቡን ሲያዩ ተመለሱ። የተጣላ ሰው አልነበረም። ሁለቱም የፈሩት የሌላውን ሰው ወስደው በማይገባው ጸሎት እንዳይቀብሩት ነው። ባለቤት ካልተገኘለት ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር፣ ያለ ጸሎት ሊቀብረው ነው።

እማማ ታቢታ ከሁለቱም ወገን አይደሉም። ከወላይታ በሙሽርነት መጥተው አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ፣ አሁን በሰባ አራት ዓመታቸው ከቤታቸውና ከወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ሌላ የማይሄዱበት ሴት ናቸው። ማንም አልጠራቸውም። ጠዋት ለጸሎት ሲንበረከኩ የሰውየው ነገር ከልባቸው አልወጣ ቢላቸው፣ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ስሙን ታውቀዋለህ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እማማ፣ ኪሱን እኮ ሁለት ጊዜ ፈትሸነዋል» አላቸው በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ሙርሺድ።

«እናንተ የፈተሻችሁት ኪሱ ውስጥ ያለውን ነው። እኔ የማየው ኪሱን ራሱን ነው።»

ኮቱ አሮጌ ነው፤ የውስጥ ኪሱ ግን አዲስ ነው። በእጅ፣ በጥንቃቄ ተሰፍቷል፤ ስፌቱም ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። እንዲህ የሚሰፋው ግራኝ ብቻ ነው። የኪሱ አራት ማዕዘኖች ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ጊዜ እየተደረበ ተቋጥሯል። ይህን አቋጣጠር ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ደግሞ ግራኝ የነበረው አኒስ ብቻ ነው፤ ዛሬ የቡ ከተማ ላይ የራሱን የስፌት መኪና ተክሎ ይሠራል። ሳጅኑ አስፈርሟቸው ኮቱን በፌስታል ሰጣቸው። ጅማ ላይ መኪና ቀይረው እኩለ ቀን ሲሆን የቡ ደረሱ።

አኒስ የድሮ መምህርቱን ሲያይ በደስታ ተነሳ። ኮቱን ሲያይ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

«የጋሽ ገብረሥላሴ ነው» አለ። «የቡና መፈልፈያው ዘበኛ። ምን ሆኑ?»

ነገሩት። አኒስ መሬት መሬቱን እያየ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። እማማ ታቢታ ከጎኑ ተቀመጡ። ቆይተው ስለ ሙስበሃው ጠየቁት።

«የሚስታቸው የአይሻ ነው» አለ።

ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ገብረሥላሴና አይሻ ሠላሳ ዓመት በአንድ ጣሪያ ስር፣ እሱም ማተቡን ሳይፈታ፣ እሷም ሶላቷን ሳትተው ኖረዋል። ልጅ አልወለዱም። ከአሰንዳቦ አልፎ ሰኮሩ ከተማ ያለችው ታናሽ እህቷ ሳሊሀ ክርስቲያን አገባሽ ብላ ከዚያ ወዲህ አነጋግራት አታውቅም። አይሻ ዘንድሮ ስትሞት፣ የእናታቸው የነበረውን ሙስበሃ ለሳሊሀ አድርስልኝ ብላ አደራ ሰጠችው። እሱም የሳሊሀን ፊት መፍራቱ አልለቀው ብሎ ወራት ቆየ። ባለፈው ሳምንት ነው አኒስ ዘንድ መጥቶ፣ የማይቀደድ ኪስ ስፋልኝ ያለው።

አኒስ ሰኮሩ ጨርቅ የሚነግድ ዘመድ ነበረው፤ በእሱ በኩል ሳሊሀን ስልክ ላይ አገኟት። እማማ ታቢታ ራሳቸው አነጋገሯት፤ ማን እንደሞተ፣ ወዴት ሲሄድ እንደሞተና ምን ይዞ እንደነበር ሳያሳጥሩ ነገሯት። በመጨረሻ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀብር መሆኑን ተናገሩ።

«ኤዬ» አለች ሳሊሀ፣ በኦሮምኛ አዎ ማለቷ ነው። መስማቷን ይሁን እሺ ማለቷን ሳያውቁ ስልኩ ተዘጋ።

እማማ ታቢታ የሰሙትን ለቄሱና ለሼሁ ስለነገሯቸው፣ በማግሥቱ ገብረሥላሴ በስሙ ተጠርቶ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረ። ሼሁና ሳጅኑ አስከሬኑን እስከ ቅጥሩ በር ድረስ ተሸክመው ሸኙት። ሳሊሀ መጥታ ነበር። ወደ ግቢው አልገባችም፤ ከአጥሩ ውጭ ብቻዋን ቆማ የአፈሩን ድምፅ ሰማች። እማማ ታቢታ ወጥተው ከሳጅኑ የተረከቡትን ሙስበሃ በእጇ አስቀመጡላት።

«እህትሽ ናት የላከችልሽ» አሏት።

ሳሊሀ መዳፏን ጨበጠች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እህቴን ሰረቀኝ ስል ኖርኩ» አለች። «እሱ የእናቴን አደራ ሊያደርስልኝ መንገድ ላይ ወደቀ። አሁን ይቅር በለኝ የምለው ለማን ነው?»

እማማ ታቢታ ክንዷን ይዘው አብረዋት ቆሙ።

ቀብረኛው ሲወጣ የእድሩ ዳኛ ሽበሺ ወደ እማማ ታቢታ ቀረበ። የእድሩ ድንኳን ጋሪ ላይ ተጭኗል። ሟቹ እዚህ ቤት የለውም፤ አባልም አልነበረም። ስለዚህ ሰው እዚሁ ተሰናብቶ ቢበተን ይሻላል ወይ ብሎ አማከራቸው። እማማ ታቢታ ጋሪውን፣ ከዚያም ከአጥሩ ጥግ ከእሳቸው ሌላ ማንም ሳያጽናናት የቆመችውን ሴት አዩ።

«እኔ ደጅ ትከሉት» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ዘመዱ አይደሉም። ለቅሶ ደራሹ ማንን ያጽናና?»

«ሳሊሀን።»

ድንኳኑ ከእማማ ታቢታ በር ፊት ተተከለ። ቤታቸው አስፋልቱ ዳር ስለሆነ የሚኒባሱ ረዳት «ሰኮሩ! ሰኮሩ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ይሰማል። ሳሊሀ ለመሄጃ የያዘችውን ብር በእጇ እንደጨበጠች ከድንኳኑ አፍ ቆማ ነበር። ቄሱ፣ ከኋላቸውም ሼሁ፣ ሊያጽናኑ ሲመጡ አየች። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ።

ሳሊሀ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ምንጣፉ ላይ፣ ከእማማ ታቢታ ጎን ተቀመጠች።