ሁለት ደመወዝ

ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጣ። የማተሚያ ቤቱ ደመወዝ ክፍል ኃላፊ፣ ጥቁር ክራቫት አስሮ፣ አራት የሥራ ባልደረቦች አስከትሎ፣ በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ላይ ቆመ። ሟች የማተሚያ ቤቱ ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ ረቡዕ ጠዋት እዚያው ወረቀት መቁረጫው ሥር ተንበርክኮ ሳለ ወደቀ፣ ሳይነሣም ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሚስቱ ግን ሰው ነው ትላለች፤ ሰውየውም ይኸውና ጫማውን ምንጣፉ ላይ እየጠረገ ነው።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት።

«ይግቡ» አለችው። ቦታ ያስለቀቀችለት ከበሩ ርቆ፣ ባሏ ያመላልሳቸው በነበሩት የኩላሊት ታማሚዎች መሃል ነው። ሻዩንም በገዛ እጇ ቀድታ ሰጠችው። ታላቅ እህቷ ይህን ስታይ ነገሩ አላማራትም፤ ጠዋት ስትመክራት ነው ያረፈደችው። በለቅሶ ቤት ጠብ ነውር ነው፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው ብላት ነበር። እሷ ደግሞ እንግዲያው ጸሎቱ ይቅርብኝ አለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ያ ሰውዬ ባሌ ላይ የለጠፈውን ስም በራሱ አፍ፣ ሰው እየሰማው ሳይልጥ ከዚህ ቤት አይወጣም አለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ባሏ ሰኞና ሐሙስ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ታማሚዎችን በራሱ መኪና ወደ ኩላሊት እጥበት ያደርስ፣ በምሳ ዕረፍቱም ይመልስ ነበር። በፈቃዱ ነው፣ ያለ ክፍያ። የታማሚዎቹ ማኅበር የሚተካለት ያቃጠለውን ቤንዚን ብቻ ነው። ሰውየው የዋህ ነው፣ ሲበዛ የዋህ። መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚያስሞላው ቅጽ «ከሌላ ቦታ የምታገኘው አለ?» ሲል፣ ሌላው ሁሉ «የለም» ብሎ በሚያልፍበት ቦታ እሱ ቤንዚኑን እስከ ሳንቲሟ ጻፈ። ኃላፊው ቅጹን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ለወጪ ምላሽ የተሠራ ዓምድ አላገኘም፤ ያገኘው «ሌላ ክፍያ» የሚል ነው። እዚያ ከተተው። በዚያው ወር የግብር መለያው ከአንድ ወደ ሁለት ዞረ። መለያ አንድ አንድ ደመወዝ ብቻ ላለው ነው። መለያ ሁለት ሁለት ቦታ ተቀጥሮ ለሚበላ ነው፤ ለሌላው ሰው ግብር ሳይነካት የምታልፈዋ የመጀመሪያዋ ጥቂት ብር እንኳ ለእሱ ግብር ይቆረጥባታል።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ኃላፊው ምሳ ሰዓት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሁለት ደመወዝ መጣ፣ ተነሡለት እንጂ» ብሎ ቀለደ። በነፃ የሚሠራ ሰው ገና አልተወለደም ብሎም ጨመረበት። ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ደመወዝ ብለው ይጠሩት ጀመር። እሱም ይስቃል፤ የዋህ ሲስቅ የተስማማ ይመስላል።

ቅጽል ስሙ ቤት ድረስ መጣ። የአንዱ ባልደረባ ሚስት ገበያ ላይ አግኝታት አንቺማ ምን አለብሽ፣ ሁለት ደመወዝ ነው የምትበዪው አለቻት። ቤት ገብታ የደመወዝ ወረቀቱን ብትፈልግ እውነትም «ሁለተኛ ገቢ ያለው» ይላል። ቤት የሚገባው ግን ጭራሽ ቀንሷል። ታዲያ ሁለተኛው ማን ጋ ነው የሚሄደው? ስትጠይቀው ታማሚ የማመላልስበት የቤንዚን ነው፣ በስህተት ነው፣ ይስተካከላል አላት። ሳቀችበት፣ ክፉ ሳቅ። ሌሎች ባሎች ሲዋሹ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይዋሻሉ አለችው። አንድ ቀን ደግሞ የመኪናውን የፊት ወንበር ወደ ኋላ ተኝቶ አገኘችውና ጨርሳ አመነች፤ ሴት አለች። ከዚያ ወዲህ አብራው በላች፣ አብራው ተኛች፣ ፊቷ ግን ወደ ግድግዳው ነው። እሱም መማል ሰለቸው መሰለኝ፣ ተወው። እንደተኮራረፉ ሞተ።

«ሴትየዋ» የመጡት በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከሲታ፣ ግራ ክንዳቸው በመርፌ ብዛት ያበጠ። የፊቱ ወንበር የኔ ነበር ልጄ አሏት። ከእጥበት ሲወጡ ቀጥ ብለው መቀመጥ ስለሚያቅታቸው ወንበሩን ያስተኛላቸው እንደነበር እያለቀሱ ነገሯት። የማኅበሩ ጸሐፊም እሳቸው ናቸው። ለቤቱ ዳቦ ሊገዛ ዞር ያለባትን መንገድ እንኳ ከሂሳቡ ላይ ይቀንስ ነበር አሉ። ይህን ስትሰማ እንባ አልመጣላትም። ጥርሷን ነከሰች። በማግስቱ አስተማሪዋ ለማተሚያ ቤቱ የጻፏቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ግልባጭ አመጡላት፤ ሦስቱም ላይ የኃላፊው የመረከቢያ ፊርማ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ኃላፊው ሻዩን ጨርሶ ሰዓቱን አየ። ሊነሣ ሲል አንዱን ደብዳቤ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ዓይኔ በልቅሶ ደክሟል፤ ያንብቡልኝ።»

በዓይኑ ማንበብ ጀመረ።

«ድምፅዎን ከፍ አድርገው። ሰዉም ይስማ።»

የሚገባበት ቢያጣ አነበበው። ለሠራተኛችሁ የምንሰጠው ደመወዝ አይደለም፣ ከኪሱ ያወጣውን የቤንዚን ወጪ መተካት ነው፤ የተተካ ወጪ ገቢ ስላልሆነ የግብር መለያው እንዲታረም እንጠይቃለን ይላል። ቀኑ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

«ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ቅጹ ዓምድ የለውም፣ ኮምፒውተሩ መለያውን በራሱ ነው የሚቀይረው፣ ለማሳረም ወደ ግብር መሥሪያ ቤት መጻፍ ነበረብኝ፣ ሥራ በዛና ረሳሁት፣ ያላግባብ የተቆረጠው ሁሉ ለቤተሰቡ ይመለሳል። እሷ ሳታቋርጥ አዳመጠችው።

«ሁለት ደመወዝ ብሎ የሰየመውስ ኮምፒውተሩ ነው?»

አራቱ ባልደረቦች አቀረቀሩ። ኃላፊው ግንባሩን ጠረገ። «እኔ ነኝ» አለ። «ባልሽ ከማንም የደበቀው ነገር አልነበረም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

«አላደርግም።»

እህቷ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት። እሷ ግን አክብሮቱንም ጣለችው። «የሌለች ሴት አምጥተህ በኔና በባሌ መሃል ያስተኛኸው አንተ ነህ። ይቅርታ ብዬ የምተውህ እንዳይመስልህ። መኪና አለህ አይደል?»

«አለኝ።»

«ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ደብዳቤውን የጻፉትን እኚህን እትዬ ከደጃቸው ታነሣለህ። ሐሙስም። እኔ በቃህ እስክልህ ድረስ።»

ያ ሁሉ ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይበል? እሺ አለ። ግን የሂሳብ ሰው አይደል፣ ትንሽ ቆይቶ ቤንዚኑን በምን እንደሚያወራርደው ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«‹ሌላ ክፍያ› የሚል ቦታ አለ አይደል? እዚያ ጻፈው» አለችው። ከታማሚዎቹ አንዱን ሻዩ ትን አለው። እሷም ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል፤ ከረቡዕ ወዲህ ገና አሁን ደረቷ ቀለል አለ።

ደስታው ግን ደረጃውን እስክትወርድ አልቆየም። ኃላፊው ከዛሬ ልጀምር ብሎ አስተማሪዋን ሊያደርስ ተነሣ፤ እሷ ደግፋ እስከ መኪናው አወረደቻቸው። ኃላፊውስ የእጁን አገኘ። ባሏ «የቤንዚን ነው» ሲላት ሁለት ዓመት ሙሉ ያላመነችው ግን ኃላፊው አይደለም፣ እሷ ነች። የሷን ማን ይበቀልላት? ወንበሩን አስተኝታ ቀበቶውን አሰረችላቸው። ቀበቶው ያበጠውን ክንዳቸውን ሲነካው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እሱ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ጣል ያደርግልኝ ነበር» አሏት።

ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች። አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ በቀበቶውና በክንዳቸው መሃል አስገባችው።

«እንዲህ ነው?»

«ትንሽ ከፍ።»

ከፍ አደረገችው።