በጆንያው ግድብ ሥር

ጸሐይነሽ ብርብራ እየወቀጠች ወንዝ ውስጥ ትበትናለች የሚለውን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ከትምህርት ስንወጣ ነው። እኛ እናቶቹ ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ክፍሉን ሲለቁልን ነው የምንማረው። ስንዱ ከጎኔ ነው የምትቀመጥ። የዚያን ዕለት ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ እየወሸቀች ተጠጋችኝ።

«ያንች ልጅ የታመመችው ከምን እንደሆነ አላወቅሽም?»

«የሞተ ዓሣ በልታ ነዋ።»

«ዓሣውንስ ማን ገደለው?»

በአገጯ ወደ ወንዙ ዳር፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ ጸሐይነሽ ቤት አመለከተችኝ።

ወንዛችን ጠጠሮ ትባላለች። ከአንበሳሜ በኩል ወርዳ ከጉማራ ጋር የምትቀላቀል ትንሽ ወንዝ ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጩ ዓሣ ከጣና ተነስቶ በጉማራ ሽቅብ ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ጠጠሮ ይታጠፍና ላይ ጠጠሩ ካለበት ደርሶ እንቁላሉን ይጥላል። ልጅ ሆነን ውሃው መሀል ስንቆም እግራችንን እየገፋ ያልፍ ነበር። ዘንድሮ በመስከረም ግን ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፎ ተገኘ። የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰገን ከጓደኞቿ ጋር ለቅማ፣ ጠብሳ በላች፤ ከዚያ ሲያስታውካት ሰነበተ። ሌሊቱን እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ አነጋ ነበር። የጎረቤታችን የሰውነት ጥጃም ከዚያው ውሃ ጠጥታ ሞተች ተባለ።

ብርብራን የማያውቅ በአገራችን የለም። የዛፉ ፍሬ ደርቆ ይወቀጥና ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ይሰክራል፤ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ክልክል ነው፤ ግን የሚያደርገው አይጠፋም።

ከስንዱ ወሬ በኋላ ዓይኔን ከጸሐይነሽ ቤት መንቀል አቃተኝ። ማለዳ ማለዳ ሙቀጫዋ ይጮኻል። ማሽላ ነው እንዳልል እርሻ የላትም። በርበሬ ነው እንዳልል የሚያስነጥስ ሽታ የለውም። እጇን ወንዝ ስትታጠብ ውሃው ይደፈርሳል። አንድ ቀን ከሩቅ «አገኘሁሽ! ልጅሽ እንዴት ዋለች?» ብላ በስሜ ጠርታ ጠየቀችኝ። ለምን ጠየቀችኝ? ልጄ መታመሟን ማን ነገራት? «ደኅና ናት» ብዬ አለፍኩ። ሰገንንም በእሷ ደጅ እንዳታልፍ አስጠነቀቅኋት።

ለቅዳሜ አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ሲጠራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ የቀረ ይጠረጠራል። ሽማግሌው አያ መንግሥቴ ከዋርካው ጀርባ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሰው፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖርም ባይኖርም፣ በተራ እየሄደ በጆሯቸው ያንሾካሽካል። ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። እሳቸው ሲመለሱ «ወፍ ነገረችኝ» ብለው ይጀምራሉ። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ወፏም ስሟን አትናገርም።

ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ወስነዋል፦ ጥፋተኛው ከወንዙ ዳር ይነሳል። ጸሐይነሽ ደግሞ ከዚያ ከተነሳች አለቀላት፤ ለሸክላ የሚሆነው አፈር ያለው እዚያ ብቻ ነው። እኔ በልቤ ወፏን ሆኛለሁ። ስሟን ምላሴ ላይ አድርጌ ነው ያደርኩት። ብቻ ሙቀጫዋን በዓይኔ ሳላይ መናገሩ ከበደኝና ጉባኤው ሳይሰበሰብ ማልጄ ሄድኩ።

«ድስት ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«አምና የሸጥኩልሽ ተሰበረ?»

«አልተሰበረም።»

«እንግዲያ ድስት አልፈለግሽም። ግቢ፤ ሙቀጫው ያውልሽ። አሽትች።»

«ኧረ ምን ብዬ ነው የማሸተው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ትናንት ስንዱ ጨው ልትበደር መጣች። የሰውነት ሚስት ደግሞ ወንፊት ፍለጋ መጣች። ሁለቱም ሙቀጫዬን አይተው ጨውም ወንፊትም ሳይወስዱ ሄዱ። አንች እንኳ ድስቱን ውሰጅ።»

ጎንበስ አልኩ። ቀላ ያለ ዱቄት ነው። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፤ አፈር አፈር ይላል። ከሙቀጫው አጠገብ የተሰባበረ ገንቦና ምጣድ ተከምሯል።

«ገል ነው» አለችኝ። «ወቅጨ ከጭቃው ጋር ካልለወስኩት ሸክላው እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ድስትሽ ያልተሰበረው ለምን መሰለሽ?»

ይሁን እንጅ ልቤ አልተመለሰም። ብርብራውን ደብቃው ቢሆንስ? ለይምሰል ገል ስትወቅጥ ቆይታ፣ ሰው ሲሄድ ሌላውን ብታወጣስ? ቅርፊቱን የሆነ ቦታ ሳትጥለው አትቀርም አልኩና የወንዙን ዳር ይዤ፣ ቁጥቋጦውን ሁሉ እየገለጥኩ ሽቅብ ሄድኩ። ቅርፊት የሚባል የለም። እየፈለግሁ ግድቡ ደረስኩ።

ግድቡ የእኛው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜ ቆመ፤ ሩዙ ገና ዘለላ ሊያወጣ ሲል መሬቱ ተሰነጠቀ። ባሌ ባየህና ጎረቤቶቹ ጆንያ አሸዋ ሞልተው ጠጠሮን ከዳር እስከ ዳር ዘጓት። የተጠራቀመውን ውሃ በሞተር ወደ ሩዙ ይስቡታል። እኔም የጆንያውን አፍ ይዤላቸው ነበር። ያለዚያ ውሃ ዓመቱን በምን እንዘልቀዋለን?

ከግድቡ ሥር የቀረችው ውሃ ቁርጭምጭሚት አትደርስም። ሞቃለች፣ ትሸታለች። ነጩ ዓሣ እዚያች ውስጥ ታጭቋል። አንዱ ተወርውሮ ጆንያውን በአፉ ይመታና ይወድቃል። ሌላው ይከተላል፤ እሱም ይወድቃል። አፋቸው ተልጧል። ደክሞት በጎኑ የተጋደመው ብዙ ነው። ከሞቱት መሀል ግን ጣት የማታክል የዓሣ ጫጩት ትርመሰመሳለች፤ ጢማሙ ዓሣ አምባዛው ጭቃው ውስጥ ጭራውን ያወዛውዛል፤ እንቁራሪቱም ይዘላል። ብርብራ ቢሆን ማንን ይምራል?

አንዷን በሁለት እጄ አነሳኋት። ሆዷ በእንቁላል ተወጥሮ ከብዳለች። ጆንያው ላይ ወጥቼ ከላይ በኩል ውሃው ውስጥ ለቀቅኋት። መጀመሪያ በጎኗ ዞረች፤ ኋላ ቀና አለችና ወደ ላይ፣ ወደ ጠጠሩ አቅጣጫ ሄደች።

ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከዋርካው ጀርባ ሄጄ ከአያ መንግሥቴ ጆሮ ተጠጋሁ።

«በይ፣ ማን ናት?» አሉኝ። ሴት እንደሆነች አስቀድሞ የነገራቸው እንዳለ ገባኝ።

«አያ፣ ማንም አልመረዘውም። መንገዱን ዘግተንበት ነው። ወርደው ግድቡን ይዩት።»

«የባየህን ግድብ?»

«አዎ።»

«ያንችው ባል አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ ከባሏ ተጣልታ ይሆን ብለው ይሆናል። ነገር ግን ተነስተው ወጡና «ወፍ ነገረችኝ። ሁላችሁም ወደ ግድቡ ተከተሉኝ» አሉ።

ሰው ወርዶ አየ። ሲከራከር ቆየ፤ አምባዛውን በእንጨት እየነካኩ፣ ጫጩቷን እያሳዩ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ ዓሣው መውጣቱን እስኪያቆም ግድቡ መሀሉ ይከፈት።

ባየህ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባ። የመጀመሪያውን ጆንያ ሲጎትት ያጉረመርማል። «ይች ወፍ ሩዜን በላችው! ገና ዘለላ ሳያወጣ በላችው!» ከዚያ ቀና ብሎ ዳር ላይ የቆመችውን ጸሐይነሽን አየ። «ቤቷ ከግድቡ ታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ስታየን የምትውል ከእሷ ሌላ ማን አለ? ወፏ እሷ ናት! ዛሬ ግድቤን፣ ነገ ደግሞ ምን ትናገርብኝ ይሆን? ከዚህ ዳር ካልነቀልናት ሰላም አናገኝም።»

«እኔስ ብያለሁ!» አለች ስንዱ። «ዓይኗን ወድጀው አላውቅም።»

ጎረቤቶቹ አጉረመረሙ። ብርብራው ቀረና ወፍነቱ መጣባት። ጸሐይነሽ ለባየህ አልመለሰችለትም፤ የምታየው እኔን ነው። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል፣ የዓሣ ቅርፊትም ጫፉ ላይ ያብረቀርቃል። አይታዋለች። ጣቷን ብትቀስር ይበቃል። አልቀሰረችም።

«ወፏ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ተይ አገኘሁሽ!» አሉ አያ መንግሥቴ። «ወፍ ስሟን አትናገርም!»

«ሰው ልትነቅሉ ነውና እናገራለሁ። ወፏ እኔ ነኝ።»

ባየህ ጆንያውን ግማሽ አንስቶ ቀረ። ውሃው ከጆንያው ሥር እየሾለከ ይንሿሿል። ገብቼ ሌላውን ጫፍ ያዝኩለት።

«ወፏ ከራሴ ቤት?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሌላስ ምን ነገርሻቸው?»

«ሌላ የለም።»

አላመነኝም። ዓይኑ ያስታውቃል፤ እኔም ጸሐይነሽን በዚያው ዓይን ስመለከት ነበር የሰነበትኩት። ጆንያውን አላነሳም፣ አልለቀቀምም። በመካከላችን በተከፈተው ክፍተት አንድ ዓሣ እግሬን ገፍቶ ሽቅብ አለፈ፤ ሌላም ተከተለው።

«አንሳ እንጅ» አልኩት።