ሉበርትን ማን ይሸከመው

ፖሊሱ በብስክሌት መጥቶ መርዶውን ሲነግራት፣ ጌዚና መጀመሪያ ያደረገችው የሳሎኑን መጋረጃ መዝጋት ነበር። ባሏ ሉበርት ጦርነቱ ካበቃ ጀምሮ በታሰረበት ካምፕ፣ ፍርድ ቤት እንኳ ሳይቀርብ፣ በሳንባ ምች ሞቷል። ፖሊሱ ቆቡን አላወለቀም። ከነገ ጀምሮ አስከሬኑን መውሰድ ትችያለሽ አላትና ብስክሌቱን አዙሮ ሄደ።

ሌላ ቤት ቢሆን ቀጥሎ የሚመጣው የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል እንጂ የትም አይሄድም። ሁሉን የሚያደርገው የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ቤት ነው፦ ሬሳውን ይገንዛል፣ መርዶውን በየበሩ ያደርሳል፣ ሣጥኑን በራሱ ጋሪ ያስጭናል። በዙሪያው ያሉት ስድስት ቤቶች ስድስት ተሸካሚ ያወጣሉ፤ ራስጌውን የሚይዘው ግን ከቅርብ ጎረቤት ቤት የመጣው ነው። ማን የማን የቅርብ ጎረቤት እንደሆነ ከቅድመ አያት ጀምሮ የተወሰነ ስለሆነ፣ ብትዋደዱም ብትኮራረፉም አይለወጥም። የጌዚና የቅርብ ጎረቤት ከአጃው ማሳ ባሻገር ያለው ሽማግሌ፣ ዎልተር ነበር።

ጭንቋም ይኸው ነው።

ሉበርት በወጣትነቱ የወተት ፋብሪካው ጸሐፊ ነበር። ኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ የፋሺስቶቹ ፓርቲ የአውራጃ መሪ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይስቅበት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ተከታዮቹን ሰብስቦ፣ ከበሮ እያስመታ በአሳማ ገበያው መሀል ሲያልፍ አሳማዎቹ ይደነብራሉ፤ ገበሬዎቹም «ሉበርት፣ እነሱም አልመረጡህም!» እያሉ ይጮኹበታል። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ ሳቁ ቆመ። ባንዳው ሉበርት ከንቲባ ተደረገ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አስወርዶ ለጀርመኖች መድፍ መሥሪያ ሰጠ። የገበሬውን ፈረስ እያስለቀመ አስረከበ፤ የዎልተር ሁለት ዳማ ፈረሶችም በዚያው ሄዱ። የዎልተርን ልጅ ጋሪትን ለጀርመን ፋብሪካ የግዳጅ ሥራ አሳልፎ ሰጠው። ጋሪት ተመልሷል፤ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆኖ ዳገት ሲወጣ እንደ ሽማግሌ ያለከልካል። አይሁዳዊውን ሥጋ ነጋዴ ሳሎሞንስን፣ ሚስቱንና ሴቶች ልጆቹን ሊወስዱ የመጡትን ጀርመኖች በሩ ድረስ የመራቸውም እሱ ነው። እነሱ አልተመለሱም።

ጌዚናስ? ጌዚና ሸሚዙን ትተኩስ ነበር።

ሉበርት ከታሰረ ወዲህ በጓሮ በር የገባ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ጎረቤት የሚገባው በጓሮ ነው፤ የፊት ለፊቱ በር የሚከፈተው ለሙሽራና ለሬሳ ብቻ ነው። እሷም ማንንም አልወቀሰችም። አሁን ግን ዎልተር «አልሸከምም» ቢልስ? የቅርብ ጎረቤት እምቢ ካለ ሌሎቹም አይነሱም። ጎረቤት ያልቀበረው ሰው ቤት ደግሞ ጎረቤት የሌለው ቤት ነው፤ ላም ብትታመም ማንም አይመጣ፣ ቤት ቢቃጠል ማንም ውኃ አያቀብል። ከዚያ በኋላ የተወለደችበትን መንደር ለቅቃ ከመሄድ በቀር ምን ይቀራታል? «እምቢ» የሚለውን ቃል ከምሰማ ባልጠይቅ ይሻላል ብላ፣ ጌዚና አንገቷን ደፍታ በዎልተር በር በኩል በብስክሌት አለፈችና ከተማ ወርዳ ቀብር አስፈጻሚ ቀጠረች። ሣጥን ከነመኪናው፣ ተሸካሚ ከነባርኔጣው።

በማግስቱ ጥቁሩ መኪና አስከሬኑን ከካምፑ ይዞ መጣ። መጥቶም መንገድ ጠፋው። ጠፍቶትም የቆመው፣ ከአገሩ በር ሁሉ መርጦ፣ ዎልተር በር ላይ ነው።

ሰዎቹ በፊት ለፊቱ በር ሣጥኑን አስገብተው ገና ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ የጓሮው በር ተበርግዶ ተከፈተ። ዎልተር የእንጨት ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ በካልሲው፣ በምርኩዙ እየተደገፈ ገባ። ሚስቱ ዲና እጅጌዋን እንደጠቀለለች ከኋላው ነበረች።

«ጌዚና!» አለ። «ባርኔጣ የደፋ የከተማ ሰው በሬ ላይ ቆሞ ‘የሟች ቤት የቱ ነው?’ ይለኛል። ‘የትኛው ሟች?’ እለዋለሁ። የጎረቤቴን ሞት ለእኔ መንገድ የጠፋው ሰው ይንገረኝ?»

«ጎረቤት፣ እኔ እኮ... ላለማስቸገር ብዬ...»

«ላለማስቸገር ትላለች!» አለች ዲና። «ባልሽ ያን ሁሉ ዓመት ሲያስቸግረን አስፈቅዶን ነበር?»

«አትመጡም ብዬ ነው።»

«ጠየቅሽን?»

«አልጠየቅኩም።»

«ብትጠይቂም ጥፋት ነበር!» ዎልተር ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። «ሐዘንተኛ መቼ ይጠይቃል? ተቀምጠሽ ብትጠብቂ እኔ እመጣ አልነበር? አሁን ሰው ምን ይላል? ዎልተር ጎረቤቱን በቅጥር ሰው አስቀበረ ነው የሚለው። ባልሽ ፈረሶቼን ወሰደ፤ አንቺ ደግሞ ቀብሩን ልትወስጂብኝ ነው?»

ጌዚና ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድቡም መጣ፤ ግን የመጣው ባልጠበቀችው በር ነው።

ቀብር አስፈጻሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እኛ ነገ ጠዋት በመኪናችን...»

«መኪናህ ገና እዚህ ሳይደርስ መንገድ ጠፍቶታል። ሂድ ወንድሜ። ሬሳውን መንገዱን የሚያውቅ ሰው መቃብሩ ድረስ ይወስደዋል።»

ሰውየው ጌዚናን አያት፤ ጌዚና ዲናን አየች። ዲና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። በዚህ ተወሰነ። መኪናው ሲሄድ ዎልተር ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁም ዝቅ አለ።

«አንድ ነገር ግን ስሚኝ። ስለ እሱ ደግ ቃል ከእኔ አትጠብቂ። ተሸካሚ ነኝ እንጂ ምስክር አይደለሁም።»

«አልጠብቅም» አለች ጌዚና።

ዲና ሣጥኑን ከፈተች። ሉበርት የካምፑን ሻካራ ሸሚዝ እንደለበሰ ነበር፤ ከስቶ ግማሽ አክሏል። ዲና ጥቂት ቆማ አየችው፤ ከዚያ ሙቅ ውኃና ጨርቅ ጠየቀች። ሁለቱ ሴቶች አጠቡት።

«ልብስ አምጪ» አለች ዲና። «የሰርጉን ልብስ። ያኔ ገና ሰው ነበር።»

ጌዚና ልብሱን ከቁም ሣጥን አወጣች። ኮቱ ሰፋው። ዲና ከወገቡ በኩል እየሰበሰበች በመርፌ ስትይዝ ቆየችና፣ ቀና ሳትል፣ «ሳሎሞንስንና ልጆቹን ማን ተሸከማቸው?» አለች።

ጌዚና የኮቱን እጅጌ አቃናች።

«ይህን ሳትረሺ ነገ ከኋላው ተራመጂ» አለች ዲና፤ የኮቱንም ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈች።

ከሰዓት በኋላ ጌዚና በመስኮት ቆማ ዎልተርን ታይ ነበር። በማሳዎቹ መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ እያነከሰ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ከአንዱ በር ቶሎ ተመለሰ። ሌላው ጋ ብዙ ቆየ፤ ምርኩዙ ወደ ላይ ሲነሳ ታየ። የሚባለውን መስማት አትችልም። ሲመሽ በግቢዋ በኩል አለፈና፣ ሳይገባ፣ «ይመጣሉ» ብሏት ሄደ።

በማግስቱም መጡ። አምስት ወንዶች ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ግቢ ውስጥ ቆሙ፤ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ራስጌውን የሚይዘው ግን አልመጣም። ዎልተር ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጆቹን አፋተገ።

«ዎልተር፣ በዚህ ወገብህ?» አለው ሃርምሰን፣ ከወንዙ ዳር ያለው። «ብትወድቅ ዛሬውኑ ሁለት ሬሳ ልንሸከም ነው?»

«የእኔ ቤት ቦታ ነው።»

«ልጅህስ?»

ጋሪት ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በረት ውስጥ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል። ጌዚና ደፍ ላይ ቆማ ጥቁር ሻርፗን ጨመደደችው። ቅሩ፣ ሂዱ፣ ይበቃል ልበላቸው ይሆን?

ያን ጊዜ የጋሪ ድምፅ ተሰማ። ጋሪት ነበር። ጋሪውን አጥቦ፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሶ መጥቷል። ከጋሪው ፊት ግን የታሰረችው ላም ናት፤ ዥጉርጉር፣ ሆዷ የሰፋ፣ ጋሪ መጎተቱ ምንም ያልደነቃት ላም።

ከአምስቱ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ሉበርት በከበሮ ኖሮ በላም ሊሄድ ነው!»

«ፈረስ ያለህ አምጣ» አለ ጋሪት።

ፈረስ ያለው አልነበረም። ፈረሶቹ የት እንደሄዱ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ያውቃል። ጋሪት በፊት ለፊቱ በር ገባና ሳይጠየቅ ራስጌውን ያዘ።

ላሟ ሥራዋን የሠራችው በራሷ ፍጥነት ነው። መንገድ ዳር ለምለም ሣር ባየች ቁጥር ትቆማለች፤ ሰልፉም ይቆማል፤ ዎልተር «እንግዲህ የአገር መሪ አይቸኩልም» ይላል በሹክሹክታ። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ባዶ ስለሆነ ደወል አልተደወለም። ቄሱ ከመጽሐፉ አነበቡ፤ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩም። ከዚያ እንደ ወጉ ሣጥኑን ተሸክመው መቃብሩን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ጌዚና ከኋላ ሆና የምትሰማው የጋሪትን ትንፋሽ ነበር፤ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሃርምሰን ቦታ እንለዋወጥ ብሎ ምልክት ሰጠው፤ ጋሪት ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ሦስተኛውን ጨረሰ። ሉበርት ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ጌዚና አላለቀሰችም። ያን ትንፋሽ እየሰማች ለማልቀስ አፈረች።

ከቀብር በኋላ ሰው ቤቷ ገብቶ ዳቦና ቡና ቀረበለት። ሰው በጓሮ በር ነበር የገባው! ጫማዎቹ ደጅ ተደርድረው ነበር፤ እየደጋገመች ልታያቸው ወጣች። ጋሪት ግን አልገባም፤ ግቢ ውስጥ ላሟን ይፈታ ነበር።

«ጋሪት» አለች ቀረብ ብላ። «አመሰግንሃለሁ።»

«ለእሱ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ለአንቺም አይደለም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታመሰግኚው?»

ጌዚና ትንሽ አሰበች። «መምጣትህን።»

ጋሪት አያት። ይቅር ያለ ሰው ፊት አልነበረም፤ ይቅር የሚልም አይመስልም ነበር። «ላሟ ውኃ ጠምቷታል» አለ።

ሮጣ ባልዲ ሞልታ አመጣች። ላሟ አፍንጫዋን ነክራ ስትጠጣ፣ የዲና ድምፅ በመስኮት ወጣ።

«ጌዚና! የት ገባሽ? የሃርምሰን ምራት በዚህ ሳምንት ትገላገላለች። የአራስ ጥየቃው የዘቢብ ዳቦ ተራው የማን ነው?»

«እኔ... አላውቅም።»

«የአንቺ ነው እንጂ! እኛ ዘለልንሽ እንጂ ተራሽ የትም አልሄደም። እንቁላል አለሽ?»

«አለኝ።»

«ዘቢቡን ከእኔ ውሰጂ። ዳቦው ረጅም ይሁን፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው። ባለፈው የጋገርሽው አጭር ነበር፣ እስካሁን ይወራል።»

«እሺ» አለች ጌዚና። መርዶውን ከሰማች ጀምሮ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። እጇን አንስታ ልትጠርገው አልቻለችም፤ ላሟ ገና ጠጥታ አልጨረሰችምና፣ ባልዲውን እንደያዘች ቆመች።