ሦስት፣ ከዚያ ሁለት

ኤፍራይን ከበሮው ላይ የታሰረውን የብረት ደወል መምታት ሲጀምር የታቮ ጣቶች የቤዝ ጊታሩ ክር ላይ ደርቀው ቀሩ።

የድምፅ ሙከራ ላይ ነበሩ። ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ መናፈሻ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ምንም አልታወቃቸውም። በመከር ኦሳካ ሊወስዳቸው የሚያስበው ጃፓናዊ አዘጋጅም ታኮውን እየገመጠ አንገቱን ይነቀንቃል። ታቮ ግን ሰምቷል። ፈንክ ይሁን ማምቦ፣ የእነሱ ሙዚቃ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ሦስት ምት፣ ከዚያ ሁለት ምት። ክላቬ ይሉታል። በሦስቱ ፈንታ ከሁለቱ የገባ ሰው ባንዱን በሙሉ ቀኝ እግሩን በግራ ጫማ ያስኬደዋል። "ተሻገረ" ይባላል፤ በሰፈሩ ለሙዚቀኛ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ኤፍራይን ተሻግሯል። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ያውም በገዛ ዘፈኑ፤ እሱና ወንድሙ ታቮ ባንዱን ሲያቋቁሙ፣ አባታቸው ማርሚታ በሚበይድበት ጋራዥ ውስጥ በሠሩት።

ኢትሴል ትራምፔቷን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ መጣች። የኤፍራይን ልጅ ናት፤ ሠላሳ ሊሞላት ነው። ምላሷ ከትራምፔቷ ይልቅ ይሰማል።

"አጎቴ፣ አልሰማሁም እንዳትለኝ።"

"ሰምቻለሁ።"

"አባቴን የሚተካው ማርሎ ከበሮውን መኪናው ላይ ጭኖ ከመድረኩ ጀርባ ቆሟል። ከአንተ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቀው። አባቴ ይዝፈን፣ ይጨፍር፣ ሕዝቡን ሰላም ይበል። ዱላውን ግን ያስረክብ።"

"ለምን አንቺው አትነግሪውም?"

"እኔ ልጁ ነኝ። ባንዱን የምትመራው አንተ ነህ። ቤቶ አርሴን በሰው ሰርግ መሃል የኮንጋ ከበሮውን አሸክመህ ያባረርከውስ አንተ አይደለህ? ምን አጠፋ? አንዴ ተሻገረ።"

"ቤቶ ሰክሮ ነበር።"

"አባቴ ደግሞ ታሟል። ሐኪሙ ስለ አእምሮው ያለውን አብረን ሰማን።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኦሳካ ያሉት ሰዎች አሮጌ ሸክላችንን በቃላቸው ይዘውታል። እዚያ ሄዶ ቢሻገር ይስቁበታል። ያንን ቆሜ ማየት አልችልም፣ አጎቴ።"

ታቮ ጊታሩን አስቀምጦ ወደ ወንድሙ ሄደ። ኤፍራይን ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንድ የሸክላ አሳታሚ ብቻውን ሊያስፈርመው ጠርቶት ነበር፤ ቤዝ የሚመታ ከወንድምህ የተሻለ ሰው አለን አሉት። ኤፍራይን ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መለሰና፣ "እንግዲያው እሱን አስፈርሙት" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አርባ አምስት ዓመት ሰርግ፣ የልጃገረዶች የአሥራ አምስት ዓመት ድግስ፣ የመኪና ትርዒት። ስለዚያች ቀን አንዴም አንስቶበት አያውቅም። ቢያነሳበት ለታቮ ይቀለው ነበር።

ኤፍራይን የከበሮዎቹን ብሎን በቁልፍ ያጠብቃል።

"ና፣ ቀጮ" አለው። ታቮ ቀጭን መሆን ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። "ያቺ ምላሳም ልካህ ነው?"

"አይ፣ እኔው ነኝ።"

"ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል።" ቁልፉን አንዴ አዞረ። "ተሻግሬያለሁ፣ አይደል?"

ታቮ ዓይኑን ወደ ደወሉ ጣለ።

"እኔ ጋ ልክ ነው፣ ገባህ? አይታወቀኝም። የማውቀው ከቅንድብህ ነው። ስሳሳት ግራ ቅንድብህ ትነሳለች፤ ያኔ እመለሳለሁ። ከፋሲካ ወዲህ የምመታው በጆሮዬ ሳይሆን በቅንድብህ ነው።" ሳቀ። "ዛሬ ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ገብታ አላየሁህም።"

ታቮ ማርሎ መጥቷል ሊለው አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

"ዱላውን ስጥ ካልከኝ እሰጣለሁ" አለ ኤፍራይን፣ ዓይኑን ከብሎኑ ሳያነሳ። "አንተ ካልከኝ። ሌላ ሰው ካለኝ ግን አናቱን ነው በዱላው።"

"ሸሚዝህን ቀይር" አለው ታቮ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንጀምራለን።"

ተመልሶም የቤዙን ድምፅ ማጉያ ዕድሜውን ሙሉ ከቆመበት ከመድረኩ ቀኝ ጫፍ እየጎተተ አመጣው። ከከበሮዎቹ ፊት ለፊት፣ ጥላ ውስጥ አቆመው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለች ኢትሴል።

"ቦታ እየቀየርኩ።"

"ማርሎስ?"

"ቁጭ ብሎ ይስማ። ሙዚቃ ይማራል።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናፈሻው ጢም ብሎ ነበር። ሁለት ዘፈን በሰላም አለፈ። አንዴ ኤፍራይን ሊስት ሲል የታቮ ቅንድብ ብድግ አለች፤ ወዲያው ተመለሰ። የታቮ ሸሚዝ ግን ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ሦስተኛው የራሳቸው ዘፈን ነበር። መሃሉ ላይ ሌላው ሁሉ ጸጥ ይልና ኤፍራይን ብቻውን ይመታል። ያን ዕለት እንደ ጎረምሳ መታ። ሕዝቡ አፏጨ። ሊጨርስ ሲል ዓይኑን ጨፈነ፤ ደወሉንም ይዞ ገባ።

ከሁለቱ።

የታቮ ቅንድብ ተነሳች። የሚያያት ዓይን ግን ተጨፍኗል። ጃፓናዊው አንገቱን መነቅነቅ አቁሟል። ኢትሴል ትራምፔቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አጎቷን ታየዋለች፤ ሁሉም የእሱን ጣት ይጠብቃሉ። ደንቡ ግልጽ ነው። መሪው ካለበት አይነቃነቅም፤ የተሻገረው አፍሮ እስኪመለስ ብቻውን ይተዋል። ደንቡን ያወጣው ታቮ ራሱ ነው። ቤቶ ኮንጋውን ተሸክሞ የወጣው በዚሁ ደንብ ነው።

ታቮ ቅንድቡን አወረደ። ጣቱን ከክሩ ላይ አንስቶ ሁለት ምት ሳይመታ ዋጠ፣ ከዚያ ወንድሙ በተሻገረበት በኩል፣ ከሁለቱ ገባ።