ፈንታነሽ በፎቁ ግድግዳ ላይ

ፈንታነሽ ከደብረ ታቦር እስከ ይፋግ ሠርግ ባለበት ሁሉ ስሟ የሚጠራ ሴት ነበረች። እሷ ትከሻዋን መምታት ስትጀምር ሌላው ጨፋሪ ገለል ብሎ ክብ ይሠራል፤ አዝማሪው እንኳ ዓይኑን ከእሷ መንቀል አቅቶት ግጥሙ ይጠፋበት ነበር ይባላል። ባሏ ደምሴም ያገባት በዚሁ ትከሻ ምክንያት ነው። የአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ አያት፤ ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ ብሎት ሽማግሌ ላከ።

ሃምሳን ከተሻገረች በኋላ ግን ጉልበቷ ከዳት። መጀመሪያ ቁልቁለት ስትወርድ ይቆረጥማት ጀመር፤ ቆይቶ ከበርጩማ መነሣትም ጭንቅ ሆነባት። ሠርግ ስትጠራ ወንበር ይሰጧታል፤ እሷም ተቀምጣ ታጨበጭባለች። ትከሻዋ ግን ማርጀቷን አልሰማም። ከበሮ በተመታ ቁጥር ብቻውን ይነቃነቃል። ይኼ ነገር ከሕመሙ በላይ ያናድዳት ነበር።

በኅዳር፣ ገብሱ ከታጨደ በኋላ፣ ደምሴ "ወንዛዬ ሂጂና ጉልበትሽን ተነከሪ" አላት። ሄደች።

ፍል ውኃው ውስጥ ስትገባ ሁለት ወጣት ሴቶች እስከ አንገታቸው ተነክረው አገኘች። አንደኛዋን ትኩር ብላ አየቻት።

"የልብስ ሰፊው የሰዒድ ልጅ ነስሪን አይደለሽም?"

"ነኝ፣ እትዬ ፈንታነሽ! እንዴት አወቁኝ?"

"አፍንጫሽ የአባትሽ ነው። አዲስ አበባ ሄደች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?"

"ፎቅ ላይ እጨፍራለሁ።"

"አዳራሽ ውስጥ?"

"አይ፣ ከውጭ። ግድግዳው ላይ።"

ፈንታነሽ ውኃ ጆሮዋ የገባ መስሏት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ አራገፈች። "ግድግዳው ላይ?"

ነስሪን አስረዳቻት። ከጣሪያው ገመድ ይወርዳል፤ ገመዱ ወገብና ጭን ከሚይዝ ቀበቶ ጋር ይያያዛል፤ ጨፋሪዋ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ሰውነቷን ወደ አየር ዘርግታ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ትሽከረከራለች።

"እንደ እንሽላሊት!" አለች ፈንታነሽ።

"እንደ እንሽላሊት፣ ግን በሙዚቃ" አለች ሁለተኛዋ ልጅ፣ ብርቱካን። የነስሪን የጭፈራ ጓደኛዋ ነች። በመጪው እሑድ ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በላይ የተሠራው የሐጂ ሬድዋን አዲስ ፎቅ ሲመረቅ ሁለቱ ሊጨፍሩበት ነው የመጡት።

ብርቱካን የሠርግ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች። የፈንታነሽ ትከሻ ወዲያው ሰማ። ውኃው ውስጥ ብድግ አለች፤ እስክስታውን ወረደችው። ጉልበቷ ዝም አለ! ዞረች፤ አጎነበሰች፤ ቀና አለች። ማዕበሉ ዳር ላይ የተቀመጡትን ሴቶች ፊት አጠበው፤ እነሱም እየጮኹ እየሳቁ ሸሹ።

"ጉልበትዎ አያምዎትም እንዴ?" አለች ነስሪን፣ ዓይኗ ፈጦ።

"ያመኛል እንጂ! ውኃው ነው የያዘልኝ።"

"ገመድም እኮ እንደዚሁ ነው። ክብደትዎን ይይዝልዎታል።"

ፈንታነሽ ሳቀችና ነገሩን ተወችው። ብዙም ሳይቆይ ግን ብርቱካን ከውኃው ስትወጣ እርጥብ ድንጋይ አንሸራተታትና ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘ። ወዲያው አበጠ። ወጌሻ አሸላት፤ አልተሰበረም፣ ግን እሑድ የማይታሰብ ነው አላት።

ሦስቱም በአንድ ሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ጭፈራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዷ ስትስብ ሌላዋ ትበራለች፤ ለብቻ አይሆንም። ነስሪን በመስኮት ስታይ ቆየችና፣ ወረታን እንዳለፉ፣ ቀስ ብላ ወደ ፈንታነሽ ዞረች።

"እትዬ ፈንታነሽ…"

"አይሆንም።"

"ገና ምንም አላልኩም!"

"አፍሽ አላለም፤ ዓይንሽ ብሏል።"

ብርቱካን የታመመ እግሯን ይዛ ከኋላ ወንበር ላይ ሳቋን ለቀቀችው።

በማግስቱ ፈንታነሽ ለማየት ብቻ ብላ ሄደች። በፎቁ ጀርባ የጨፋሪዎቹን ገመድ የሚያስረው ብርሃኑ ይጠብቃቸው ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ቋጠሮ አስሮ፣ ፈትቶ፣ ደግሞ አስሮ ካላየ የማያምን። ለማየት የመጣችው ሴትዮ ቀበቶውን በእጇ መዘነችው፤ ከዚያ በቀሚሷ ላይ ለካችው፤ ከዚያ የነስሪንን ሱሪ ከቀሚሷ ስር አጠለቀች። ብርሃኑ ከመሬት ጥቂት ከፍ አደረጋት።

"አሁን ይቀመጡ፤ ወንበር ያለ ይመስል" አላት።

"ወንበር የለማ!"

"ገመዱ አለ። እግርዎን ግድግዳው ላይ ያድርጉና ወደ ኋላ ይልቀቁት።"

ዓይኗን ጨፍና የምታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራች፤ ለቀቀችው። አልወደቀችም። ዓይኗን ስትገልጥ ሰማይ ፊቷ ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ሄደች። ደገመች። ጉልበቷ የሕፃን ጉልበት ሆኖ ታጠፈ፣ ተዘረጋ። ግድግዳውን በእግሯ ስትገፋው ወደ አየር ተወረወረች፤ ተመልሳ ደግሞ በእግሯ አረፈች።

ሳቅ ያዛት። እንዲሁ የማይቆም ሳቅ። ነስሪን ሳቀች፤ ብርሃኑ እንኳ ገመዱን እንደያዘ ፊቱን ወደ ትከሻው ደበቀ። "እንደገና! እንደገና አወዛውዘኝ!" ትላለች ፈንታነሽ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ማታ ደምሴ ለበሬዎቹ ጭድ ሲሰጥ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

"እሑድ ግድግዳ ላይ ልጨፍር ነው።"

"የማን ግድግዳ?"

"የሐጂ ሬድዋን ፎቅ።"

ጭዱን እንዳቀፈ አያት። "የወንዛዬ ውኃ ጭንቅላት ላይም ይወጣል እንዴ?" ቀልድ አለመሆኑን ከፊቷ ሲረዳ ጭዱን ጣለው። "በዚህ ዕድሜሽ?"

"ያረጀው ጉልበቴ ነው፤ እኔ አይደለሁም።"

"ሰው ምን ይላል?"

"እልል ይላል።"

"ብትወድቂስ?" ድምፁ ቀጠነ።

ፈንታነሽ ክንዱን ያዘችው። "ደምሴ፣ ዛሬ ጨፈርኩ። ገባህ? ጨፈርኩ እኮ!"

ደምሴ ይኼን ቃል ከአፏ ከሰማ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ጠዋት ግን እህል የሚጭንበትን የጠፍር መጫኛ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ፎቁ ስር ቆሞ ተገኘ። ብርሃኑን ጠራው። "ስማ፣ ልጄ። ይህ መጫኛ ስንት ክረምትና በጋ ያየ ነው፤ ከአህያ ጀርባ አንድ ቁና እህል ጥሎ አያውቅም። ያንተን ገመድ ግን አላውቀውም።"

"ጋሽ ደምሴ፣ የእኔ ገመድ መኪና ያነሣል።"

"ሚስቴ መኪና አይደለችም።"

ብርሃኑ አልሳቀም። አሰበበትና፣ "እንግዲያው እሑድ እርስዎ ጣሪያው ላይ ሆነው ገመዱን ይጠብቁልኝ" አለው።

"እጠብቃለሁ!" አለ ደምሴ፣ ደረቱን ነፍቶ። ቀና ብሎ የፎቁን ጫፍ ያየው ከዚህ በኋላ ነው። ደምሴ የራሱን ቤት ቆርቆሮ ለመምታት መሰላል ላይ ሲወጣ እንኳ ራሱ የሚዞርበት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ ልምምዱ ሆነ። ነስሪን ከባዱን ለራሷ ይዛ ለፈንታነሽ የምትችለውን ሰጠቻት፦ መሮጥ፣ መዝለል፣ ትከሻ። አባቷ ሰዒድም ለፈንታነሽ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ነጭ ቀሚስ ሰፋላት፤ ከሩቅ ቀሚስ ነው፣ ከወገብ በታች ግን እንደ ሱሪ ለሁለት የተከፈለ። ስትለብሰው "እትዬ፣ በዚህ እንኳን ፎቅ ጉና ተራራም ይወጡበታል" አላት።

እሑድ ከሰዓት መናኸሪያው ፊት መቆሚያ ጠፋ። ባጃጆች መንገዱን ዘግተው ቆሙ፤ ነጂዎቹ ጣሪያቸው ላይ ወጡ። ብርቱካን እግሯን በጨርቅ ጠቅልላ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደምሴ ደረጃውን በሁለት እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ወጥቶ ነበር። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ወደ ዳሩ መቅረብ አልሆነለትም። ከውኃው ሮቶ አጠገብ ቁጭ አለና በራሱ መጫኛ ወገቡን ከብረት ምሰሶ ጋር አጥብቆ አሰረ። ገመዱን የሚጠብቀው እንዲህ ሆኖ ነው።

ነስሪንና ፈንታነሽ ጀርባቸውን ለአየሩ ሰጥተው ጫፉ ላይ ቆሙ። ነስሪን "ወንበር ያለ ይመስል" አለቻት። ተቀመጡ፤ ወረዱም።

ከታች አንዲት ሴት ጮኸች፦ "ኧረ የማርያም ያለህ! ፈንታነሽ ናት!"

"የትኛዋ ፈንታነሽ?"

"የደምሴዋ!"

"ጉልበቷን የሚያማት?"

"እሷው ናት እኮ ነው የምልህ!"

ሙዚቃው በድምፅ ማጉያው ተለቀቀ። ሁለቱ በግድግዳው ላይ ግራና ቀኝ ሮጡ፤ ተላለፉ፤ ተወረወሩ፤ ነጩ ቀሚስ እንደ ሸራ ተነፋ። ፈንታነሽ ግድግዳውን ስትገፋ ከተማው ከነባጃጁ፣ ከነቆርቆሮው ይርቃል፤ ስትመለስ መስኮቶቹ እየሮጡ ይመጡባታል። አንዱ መስኮት ውስጥ የሐጂ ሬድዋን እንግዶች ብርጭቆ እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል። በእግሯ ጫፍ መስተዋቱ አጠገብ አረፍ ብላ "ጤና ይስጥልኝ" ብላቸው አለፈች።

እንዲህ ሞቅ እንዳለ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም። ሁለቱ ሴቶች በጸጥታ መሐል ተንጠልጥለው ቀሩ።

"መብራት ሄደ" አለች ነስሪን፣ ፊቷ ተለዋውጦ። "ብርሃኑ ያውርደን?"

"እኔ መቼ በመብራት ጨፍሬ አውቃለሁ?" አለች ፈንታነሽ።

እጆቿን አጋጭታ ማጨብጨብ ጀመረች። "እስክስ!" ብላ ጮኸች፤ ድምጿ አደባባዩን ሞላው። ከታች ብርቱካን ተቀበለቻት። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ባለሱቅ ባዶ ጀሪካን ገልብጦ ይመታ ጀመር፤ ባጃጆቹ በጥሩንባቸው ገቡበት። ጭብጨባው ከዳር እስከ ዳር አንድ ሆነ። ፈንታነሽ እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ ጀርባዋን ለምድር፣ ፊቷን ለሰማይ ሰጥታ ትከሻዋን ለቀቀችው። እንደዚያ ሆኖ የሚመታ ትከሻ ደብረ ታቦር አይታ አታውቅም። ገመዱ ሳይቀር አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ደምሴ ከሮቶው ስር ድምጿን ሰማ። ተነሣ፤ ዞረበት፤ ተቀመጠ። ጭብጨባው ሲብስ ግን አልቻለም። በሆዱ ተኝቶ ተሳበ፤ መጫኛው ተወጥሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ አቆመው። ጭንቅላቱን አወጣ። ሚስቱ ከስሩ፣ ፊት ለፊቱ፣ በአየር ላይ ነበረች።

"እስክስ! እስክስ፣ የእኔ ፈንታ!" አለና ጮኸ። በሆዱ እንደተኛ የእሱም ትከሻ ተነሣ። ባርኔጣው ከራሱ ወልቆ እየተሽከረከረ ወረደ፤ ሕዝቡ ተሻምቶ ያዘው።

"ማነው ደግሞ ያ ከላይ?" አሉ ከታች።

"ደምሴ ነው!"

"እሱም ሊወርድ ነው?"

ፈንታነሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ አሸነፋት። እግሯ ግድግዳውን ለቀቀና እንደ እንዝርት ዞረች። ነስሪን ልታቆማት ብላ ያዘቻት፤ እሷም በሳቅ ፈረሰች፤ ተቃቅፈው አብረው ዞሩ። ሰው ይኼም የጭፈራው አካል መስሎት እልልታውን አቀለጠው።

መሬት ስትነካ ጉልበቷ እንደገና ከዳት። ምድር እንደ ድሮዋ ከባድ ነበረች። ብርቱካን ከወንበሯ ግማሹን ለቀቀችላት፤ ሁለቱ ሕመምተኞች አንድ ወንበር ተካፍለው ተቀመጡ። ሐጂ ሬድዋን ሪባን የሚቆርጥበትን መቀስ እንደያዘ መጣ። "ሪባኑ ይቅር፤ ፎቁ ተመርቋል" አለ።

"ደምሴ የታለ?" አለች ፈንታነሽ።

ደምሴ ጣሪያው ላይ ነበር። ሲሳብ የጠበቀው ቋጠሮ አልፈታ ብሎት ብርሃኑ ሊያግዘው ወጣ። ሲደርስ ግን ደምሴ መፈታቱን ረስቶት እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። "ቆይ፣ አትፍታኝ" አለው። "ያ የእኛ ማሳ ነው? ያ ነጩስ? አይ አገር! ይኼን ሁሉ ዘመን ከስር ሆኜ ነው ለካ ያየሁት!"

ከገና በኋላ የብርቱካን እግር ዳነ። ነስሪን ግን ለፈንታነሽ ስልክ ደውላ ጭፈራው አሁን የሦስት ሴቶች እንደሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ ረጅም ፎቅ እንዳገኙ ነገረቻት። ፈንታነሽ "ባሌ አብሮኝ ይመጣል" አለች፤ ተስማሙ። የመንገዱን ምሳ ቋጥረው ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈሩ። ደምሴ አጠገቡ ለተቀመጠው፣ ጭራሽ ለማያውቀው መንገደኛ፣ ገና አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ሳይወጣ ነገሩን ጀመረለት።

"አንተ ሰው፣ ከፎቅ ጫፍ ቁልቁል አይተህ ታውቃለህ?"

"ኧረ እኔ ያዞረኛል" አለ ሰውየው።

"ምንም አይደል" አለ ደምሴ፣ ክንዱን መታ መታ እያደረገ። "በሆድህ ትተኛለህ። ከዚያ ሚስትህ ከስርህ ትሆናለች፤ ትከሻዋን ትመታለች። ምን ያዞርሃል ታዲያ? አገሩ ነው እንጂ የሚዞረው!"

ፈንታነሽ በመስኮቱ በኩል ፊቷን አዙራ ሳቋን ዋጠችው። ትከሻዋ ግን አልቻለም፤ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ድረስ ይርገፈገፍ ነበር።