ሳይሻገር የቀረው

«እማዬ፣ ሚኒባሱ ጥሎን ሊሄድ ነው! ነጠላሽን ልበሽ እንጂ!»

ዘመናይ በሩን ይዛ ቆማ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ እናቷ ታያለች። ማለዳ ከደብረ ማርቆስ ተነሥታ ደብረ ኤልያስ የመጣችው እናቷን ወይዘሮ ወለተ ኪዳንን ይዛ ለመመለስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የሟቹን አባቷን፣ የመሪጌታ ይስማውን ግጥም የሚዘክር በዓል አዘጋጅቷል። እሷ ስለ ግጥሙ አመጣጥ እንድትናገር፣ እናቷ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተጠርተዋል። አሮጊቷ ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይባዝታሉ።

«አልሄድም አልኩሽ።»

«ለምን?»

«እግሬን ያመኛል።»

«ትናንት ቅዳሴ ቆመሽ አስቀድሰሽ የለም እንዴ?»

የዘመናይ ስልክ ጮኸ። አብይ ነው፤ በዓሉን የሚያስተባብረው የአማርኛ መምህር።

«ወይዘሮ ዘመናይ፣ የት ደረሳችሁ?»

«እየወጣን ነው» ብላ ዋሸች፤ ስልኩንም ዘጋችው።

የመሪጌታ ይስማውን ግጥም በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ይባላል፤ ሰርግ ላይ ሽማግሌዎች ይመርቁበታል፤ መምህራንም የሰው ልጅ የዕድሜ ደረጃ እያሉ ያስተምሩበታል።

*ባርባ ቀን ተሻግሮ፣ ስሙን ተቀበለ፤*
*በሰባት ተሻግሮ፣ ከፊደሉ ዋለ፤*
*በሃያ ተሻግሮ፣ ጎጆውን ቀለሰ፤*
*በስድሳ ተሻግሮ፣ ሽበቱን ለበሰ።*

ለምን ከልደት ሳይሆን ከአርባ ቀን ይጀምራል ተብላ ስትጠየቅ ዘመናይ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፦ አባቷ በእርጅናቸው፣ ዕድሜን ሁሉ አይተው ከጨረሱ በኋላ፣ ሰው ሰው የሚሆነው ሲጠመቅ ነው ለማለት የገጠሙት ነው። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገራትም፤ ከሰው አፍ የለቀመችውን አሳምራ የሠራችው ነው። ወፍጮ ቤቷ ድረስ ለመጡት የሬዲዮ ጋዜጠኞችም ይህንኑ ተናግራለች።

እናቷ ግን ያንን ግጥም አይወዱትም። በዘመናይ ሰርግ ቀን አባቷ ድንኳኑ መሐል ቆመው «ባርባ ቀን ተሻግሮ» ብለው ሲጀምሩ፣ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከተቀመጡበት ተነሥተው ወጡ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሙሽራዋ ቬሏ ውስጥ ሆና የእናቷን ጀርባ እስከ ድንኳኑ በር ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። እናቷ በባላቸው ዝና ይቀናሉ ብላ የደመደመችው ያን ቀን ነው። ደፍራ ግን ጠይቃቸው አታውቅም።

ዛሬ አመለጣት።

«አባዬ እኮ ሞቷል! ከሞተ ሰው ጋራ ምን ያፎካክርሻል? በሰርጌ ቀን ጥለሽኝ የወጣሽው አይበቃም?»

የአሮጊቷ እጅ ጥጡ ላይ ቆመ።

«ተቀመጪ።»

«መኪናው…»

«ይሂድ መኪናው። ተቀመጪ አልኩሽ።»

ዘመናይ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጭ ረዳቱ «ማርቆስ! ማርቆስ!» እያለ ይጣራል።

«ያ ግጥም የእርጅና አይደለም» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን። «አባትሽ ሲገጥመው ገና ጎረምሳ ነበር፤ መሪጌታም አልተባለ። ካንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረን።»

«ወንድ ልጅ?»

«ክርስትናው ሊደርስ ሲል ታመመብኝ። ጡት አልይዝ አለ። ክረምት ነው። አባትሽ ቅስና የለው፣ ማጥመቅ አይችል። ቄሱ ወንዝ ማዶ ናቸው። ‹ሳይጠመቅ እንዳይሄድብኝ› ብዬ አልቅሼ ላክሁት። ሲሄድ ውሃው ከጉልበቱ በታች ነበር፤ ቄሱን ይዞ ሲመለስ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። ከማዶ ሆኖ ቤታችን ይታየዋል፤ መሻገር ግን የለም። ውሃው ጎድሎላቸው ሲደርሱ ልጁ እቅፌ ውስጥ በርዷል።»

ዘመናይ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ያልተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፤ ፍትሐትም የለው። የሰውን ሙት ሁሉ በዜማ የሚሸኝ ሰው የራሱን ልጅ ዝም ብሎ ጓሮ ቀበረ። አፈሩን መልሶ ቀና ሲል ነው ያ ቃል ካፉ የወጣው። ሊደርስበት የነበረውን ሁሉ ቆጠረለት፤ ፊደሉን፣ ጎጆውን፣ እስከ ሽበቱ። ልቅሶ ነው ልጄ። ሌላ ምንም አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ሰርግ ላይ…?»

«ሲያንጎራጉረው አንድ ተማሪው ሰምቶ ያዘው፤ ወሰደው። አንድ ቀን አማኑኤል ከተማ ሰርግ ተጠርተን ሽማግሌው ሙሽሮቹን በሱ ሲመርቅ ሰማን። አባትሽ ወደ ቤት ስንመለስ ‹ሰው ተመርቆበታል፤ ሙሾ ነው ብለን አናስደንግጠው› አለኝ። እሺ አልሁት። እሺ ብዬ ግን ቁጭ ብዬ መስማት አልቻልሁም። እሱ ቻለበት። ሲለው ሲለው ቀለለው መሰለኝ።»

ዘመናይ የእናቷን እጅ ያዘች። ስንት ዓመት በልቧ የያዘችው ቂም የሚገባበት ጠፋ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ስም ነበረው?»

አሮጊቷ ወደ ጓሮው በር አዩ። «እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀኝ የለም። ፍሥሐ ልለው ነበር። ገና ሆዴ ሳለ በልቤ እንዲያ እለው ነበር። ግን ስም ክርስትና ሲነሣ አይደል የሚጠራ? ሳይጠራ ሄደ።»

«ልናገር እማዬ? ዛሬ፣ ሰው ፊት?»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ጥጣቸውን አነሡ።

«አባትሽን እሺ ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ አላልሽም።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ሳይሄድ ደረሰችበት። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ መቀመጡ ግን አልሆነላትም። ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ስልኳ ጮኸ፤ አላነሣችውም። ተናግሬ ይውጣልኝ ትላለች፤ ደግሞ በዚያ ቃል ተመርቀው የተጋቡት ሁሉ ይታዩዋታል፤ እሷ ራሷ ልጇን መቅደላዊትን የዳረችው በዚያው ምርቃት ነው። አማኑኤል ሲደርሱ ወርዳ ወደ እናቷ ልትመለስ ተነሣች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል መልሳ ተቀመጠች። ከከተማው መውጫ ላይ አበባ የለበሱ የሰርግ መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ አለፏቸው፤ ተሳፋሪው እልል አለ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያ ልጅ ቢያድግ ዛሬ ሽማግሌ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሲበላሽባት የምትጠራው፣ የአባቷ ሬሳ ሲወጣ የምትደገፍበት ታላቅ ወንድም ነበራት ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስ ስትደርስ አብይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል አገኘችው።

«ተመስገን! አስጨነቁን እኮ። እናትዎስ?»

«አልተመቻትም።»

አዳራሹ ጢም ብሏል። ውስጥ ተማሪዎች ግጥሙን በአንድ ድምፅ ይላሉ። «ስሙን ተቀበለ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዘመናይ በሩ አጠገብ ቀጥ አለች። አብይ ግን ጊዜ የለውም፤ በእጁ የያዘውን ወረቀት እያየ ያጣድፋታል።

«እንደጨረሱ ወደ መድረክ እጠራዎታለሁ። እንዲህ ብዬ ነው የማስተዋውቅዎ፤ ‹የመሪጌታ ይስማው የበኩር ልጅ፣ ወይዘሮ ዘመናይ›። ልክ ነው አይደል?»

የበኩር ልጅ መባል ዕድሜዋን ሙሉ ደስ ይላት ነበር። ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ ፊት ያስቀመጣት ይኸው መጠሪያ ነው። በተከፈተው በር ወደ ሰዉ አየች፤ ሁሉም ወደ ልጆቹ ፈገግ ብሏል።

«የበኩር አይደለሁም» አለች። «ሁለተኛ ልጅ በል።»

አብይ ቀና አለ። «ሁለተኛ? የመጀመሪያው ማን ናቸው ታዲያ? እኛ ስማቸውን ሰምተን አናውቅም።»

«ፍሥሐ» አለች ዘመናይ። «ፍሥሐ ይስማው። ጻፈው።»

እስክሪብቶ ከኪሱ እስኪያወጣና እስኪጽፈው ድረስ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አዳራሹ ገባች።